የዘነበች ቆርቆሮ

ሰፈሬ ቀጨኔ ነው። እድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። ልጄ ጽጌ ሰባ ስምንት ነው ትላለች፤ እኔ ግን ያልኩትን ብያለሁ። ትምህርቴ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልደግም የቀረ፣ በኋላ በመሠረተ ትምህርት የተጠጋገነ ነው፤ ፊደል ብስት አትሳቁብኝ። ይህን የምጽፈው ለእድሬ ሰዎች ነው። ከሳጉሬ ስመለስ «ምን ልታደርግ ሄድክ? ማን ሞተብህ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ «ጉዳይ ነበረኝ» ብዬ ዘጋኋችሁ። በአፌ ልነግራችሁ አፍሬ ነው። ወረቀት ዓይን የለውም፤ ስናገር አያየኝም።

ነገሩ የተነሳው ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። የደም ግፊት ቀጠሮዬ ቀን አግዳሚው ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከአርሲ ወንድሟን ልታሳክም የመጣች አንዲት ወፍራም ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጣለች። የወንድሟ ልጅ ስልክ ደወለና «ደርሻለሁ፣ በሩ ላይ ነኝ፣ ምሳ ይዣለሁ» አላት። ስልኩን ዘጋችና ወደ ወንድሟ ዞራ «በሩ ላይ ነኝ ይላል። የዘነበች ቆርቆሮ!» አለችው። ሰውዬው እንደዚያ ታሞም ሳቀ።

እኔ ቀጥ አልኩ። «ምንድነው ያልሽው እህቴ?»

«የእኛ አገር አባባል ነው አባቴ። የሌለ ነገር አለ ብሎ ድርቅ ለሚል ሰው ይባላል።»

«ዘነበች ማናት?»

«እኔንጃ። የድሮ ሰው ትሆናለች። ውሸታም ነበረች መሰለኝ።»

«አገርሽ ሳጉሬ ነው?»

«በምን አወቁ?» አለችኝ።

ያወቅሁትማ ቆርቆሮውን የጣልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ግን አልነገርኳትም። ስሜ ሲጠራ ተነስቼ ገባሁ። ነርሷ ግፊቴን ለካችና «አባባ፣ ዛሬ ምን አስደነገጠዎት?» አለችኝ።

ከመንገዱ በፊት የፊልሙን ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ አይገባችሁም። በደርግ ጊዜ ተዘዋዋሪ ሲኒማ ላይ ኦፕሬተር ነበርኩ። አንድ የጭነት መኪና፣ አንድ ጄኔሬተር፣ ሁለት የፊልም ማሽን፣ አንድ ትልቅ ነጭ ሸራ፣ ሾፌሩና እኔ፤ በቃ። ከምንዞርባቸው ፊልሞች አንዱ «አሥራ ስድስት ክረምት» ይባላል። ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው አላገኘሁም። ሁለት ዓመት ያህል ዞረና ጠፋ። ፊልሙ ላይ አንዲት የገጠር ልጅ ታድጋለች፣ ትምህርት ትወዳለች፣ እናቷ ትታመምባታለች፤ ልጅቱ ወደ ከተማ ሄዶ መማርና እናት አጠገብ መቅረት መሃል ትጨነቃለች። ልጅቱን ሆና የሠራችው የሳጉሬ ተማሪ ነበረች። የፊልም ሰዎቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ከትምህርት ቤት መረጧት። ስሟ ዘነበች።

ፊልሙ ሰባት ጥቅል ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅል በራሱ ክብ ቆርቆሮ ስለሚቀመጥ ሰባት ቆርቆሮ እንለዋለን። ሦስተኛው ሲያልቅ እናትየዋ ተቆጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አራተኛው ላይ ጎህ ሲቀድ እየተንገዳገደች ትነሳለች፣ ለልጇ ስንቅ ትቋጥራለች፣ መርቃ ትሸኛታለች። አምስተኛው ሲጀምር ልጅቱ ከተማ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ትስቃለች። በኋላ እናትየዋ ትሞታለች። እንግዲህ አራተኛውን አውጡትና ተመልከቱት። የታመመች እናቷን ጥላ የኮበለለች ልጅ ትሆናለች።

እኔ አራተኛውን አወጣሁት። አስቤ አይደለም። በቆጂ ላይ ስናሳይ የአዳራሹ ወለል ዘመም ያለ ነበርና አንዱ ማሽን መንገዳገድ ጀመረ። እጄ የደረሰበትን ቆርቆሮ አንስቼ ከእግሩ ሥር ሸጎጥኩት። አሳይቼ የጨረስኩት አራተኛው ነበር። ሲያልቅ ዝናብ መጣ፣ ማሽኑን አንስተን ሮጥን፣ ቆርቆሮው እዚያው ቀረ። በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት ሳጉሬ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ የዘነበች የራሷ እናት ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ሦስተኛው እየሄደ ሳለ አራተኛውን ፈለግሁ። የለም። የማስብበት አሥር ደቂቃ ነበረኝ። አቁሜ «ወገኖቼ፣ ጎድሎብኛል» ማለት እችል ነበር። በነጭ ጋዋን የቆምኩ ኦፕሬተር ነኛ! አምስተኛውን አጠመድኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ አጉረመረመ። ዘነበች ብድግ አለችና «አንድ ቆርቆሮ ቀርቷል! እናቲቱ ትመርቀኛለች! ስንቅ ትቋጥርልኛለች!» ብላ ጮኸች። አንድ ሽማግሌ በሰው መሃል ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ጎድሏል ወይ?» አሉኝ።

«ሙሉ ነው» አልኩ።

«ማል።»

«እናቴ ትሙት!» አልኩ።

እናቴ ያኔ ቀጨኔ ደህና ነበረች። በዚያው ዓመት አረፈች። በመሐላዬ ነው አልልም። አይደለምም አልልም።

ሐሙስ፤ ከቀጨኔ አሰላ

ጽጌ በር ላይ ቆማ «ግፊትህን ይዘህ አርሲ ድረስ! ቢያንስ ለምን እንደምትሄድ ንገረኝ» አለችኝ። «ጉዳይ አለኝ» አልኳት። «የምን ጉዳይ?» «የራሴ!» ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። በፌስታል ዳቦ አሲዛኝ ተቆጥታ ገባች።

ከልብሴ ጋር አንድ አሮጌ የፊልም ቆርቆሮ ያዝኩ። መሥሪያ ቤታችን ሲዘጋ ከጣሏቸው ያነሳሁት ነው፤ የየትኛው ፊልም እንደነበረ አላውቅም። እስከ አሁን መድኃኒቴን አስቀምጥበት ነበር። ለምን እንደያዝኩት ብትጠይቁኝ እኔም አላውቅ። ባዶ እጄን መግባት አልሆነልኝም መሰለኝ።

የቀጨኔን ቁልቁለት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሲወርዱት ጉልበት ይበላል፣ ሲወጡት ነፍስ። በታክሲ ፒያሳ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስኩ። መናኸሪያው በር ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተና ቆርቆሮውን አወጣ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የፊልም ቆርቆሮ።»

«ፊልም በቆርቆሮ?» አለና ለጓደኛው አሳየው።

ከኋላዬ የተሰለፈ ጎረምሳ «አባባ፣ ስንት ጊጋ ነው?» አለኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሰባቱ አንድ ፊልም እንደሚሆኑ፣ ሰባቱን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ወገብ እንደሚቆርጥ ነገርኩት። «ታዲያ እኔ ኪሴ ውስጥ አንድ መጋዘን ቆርቆሮ ይዣለሁ ማለት ነው» አለና ስልኩን አሳየኝ። ሳቅሁ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቦርሳዬን ተሸክሞ አውቶቡሱ ላይ አስቀመጠልኝ።

በአዲሱ የፍጥነት መንገድ አዳማ ለመድረስ አንድ እንቅልፍ በቃኝ። በእኛ ጊዜ ሾፌሩና እኔ ሞጆ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ጎማ ነፍተን፣ ተጣልተን ታርቀን ነበር የምንደርሰው። አዳማ ሙቀቷ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ነው። እኔ ደግሞ የጉለሌን ብርድ አስቤ ከኮቴ ሥር ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ። ቀጨኔ ጠዋት ያለ ሁለት ሹራብ አይወጣም፤ አዳማ ላይ ግን ሰው እንደ እብድ ያየኛል። ማውለቅ እንቢ አልኩ። ፓስታ አዝዤ ስበላ ላቤ ሳህኑ ላይ ጠብ አለ። አስተናጋጇ ዝም ብላ መጥታ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረችው። አልጠየቅኋትም። እንዲህ ያለ ደግነት አንገት ያስደፋል፤ በተለይ ለበደል ሒሳብ ለሚሄድ ሰው።

ከአዳማ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ኢተያን ስናልፍ ብርዱ ተመለሰ፤ «አየሽ?» አልኩ በሆዴ፣ ለአስተናጋጇ። ግራና ቀኝ ስንዴ ነው። እኛ ጋ ከቤት ወጥተህ ቀና ስትል እንጦጦና ባሕር ዛፉ ዓይንህን ይዘጋዋል። እዚህ ዓይን የሚያቆመው ነገር የለም፤ ሜዳውን ኮምባይነር እየላጨው ይሄዳል።

አሰላ አንድ ፔንሲዮን አደርኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ቴሌቪዥኑ ነው። ስገባ በርቶ ጠበቀኝ፣ የውጭ አገር ፊልም ይጮሃል። ስንት ዓመት ማሽን የነዳሁ ሰውዬ ማጥፊያውን አጣሁት! ከኋላው ብዳብስ፣ ገመድ ብከተል፣ የለም። ባለቤቷ ጩኸቱን ሰምታ መጣችና ከትራሱ ሥር ሪሞቱን አውጥታ አጠፋችው።

«አባባ ፊልም አይወዱም እንዴ?»

«እወድ ነበር» አልኳት።

እግሬ ማበጡን አየች መሰል፣ ሙቅ ውሃ በጨው በሳፋ ይዛ መጣች። «አልፈልግም» አልኩ። «እኔ ጠየቅሁዎት?» አለችና አስቀምጣው ሄደች። ውሃው እስኪቀዘቅዝ እግሬን ነክሬ ተቀመጥኩ። ነገ ምን ብዬ እንደምጀምር ስለማመድ፣ «እንዴት ነሽ» ከሚለው አላለፍኩም።

ዓርብ፤ ሳጉሬ

ጠዋት ጭላሎ ደመና ተከናንቧል፤ እንደ እኛ እንጦጦ በሐምሌ። ሚኒባስ ያዝኩ። ሳጉሬ ሩቅ አይደለም፤ ፈራሁ እንጂ። እዚህ ላይ እስከ ዛሬ ለሚስቴም ያልነገርኩትን ልጻፍ።

ከዚያ ትርኢት ሳምንት በኋላ ቆርቆሮውን ፍለጋ ብቻዬን በቆጂ ተመልሼ ነበር። የአዳራሹ ዘበኛ አስቀምጦልኛል። በአውቶቡስ ይዤው ስመለስ መንገዱ በሳጉሬ ነው፤ አውቶቡሱ ሳጉሬ ላይ ቆመ። ቆርቆሮው ጭኔ ላይ ነው። በመስኮት ሳይ ልጅቱ ከውሃ መቅጃው በኩል እንስራ አዝላ ትመጣለች፤ ሁለት ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው አንድ ነገር ብለው ሳቁባት። መውረድ ነበረብኝ። ቆርቆሮውን ይዤ ብወርድና «ይኸው» ብል በዚያች ደቂቃ ሁሉም ያበቃ ነበር። እኔ ግን ጋቢዬን ቆርቆሮው ላይ ጣል አደረግሁ። እኔን እንዳታየኝ አይደለም። ቆርቆሮውን እንዳታየው ነው።

ሚኒባሱ ከዚያው ቦታ አራገፈኝ። አዳራሹ ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። አንዱን የባጃጅ ሾፌር «ዘነበች የምትባል፣ ድሮ ፊልም የሠራች» አልኩት። «ፊልም የሠራች አላውቅም አባቴ። ዘነበች ካሉ አዴ ዘነቡ ናት፣ ባለ ወፍጮዋ። ይግቡ፣ ላድርስዎ።» አዴ ማለት በዚያ አገር ለትልቅ ሴት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው።

ወፍጮ ቤቱ ከሩቅ ይሰማል። ስድስት ሰባት ሴቶች ከረጢታቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። በዱቄት ብናኝ መሃል አንዲት ረጅም ሴት ቆማለች፤ ሻሿም ቅንድቧም ነጭ ነው። አወቅኋት። በሸራ ላይ ስንት ጊዜ ያየሁት ፊት ነው፤ እርጅና ትንሽ ነው የጨመረበት።

«አባቴ፣ እህልዎ የታለ?» ብላ ጮኸች።

«እህል የለኝም!»

«ምን?»

«እህል የለኝም! ለሌላ ነው የመጣሁት!»

ሞተሩ ያጓራል፣ ቀበቶው ይጮሃል። ያኔ ሰይጣን «አሁን ተናገረው፣ በጩኸቱ መሃል» አለኝ። ተናዞ መገላገል፣ ግን አለመሰማት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቆርቆሮው ቀርቶ ነበር» አልኩ።

አየችኝ። እጇን ዘርግታ አንድ ብረት ጎተተች፤ ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ። የዱቄቱ ብናኝ ሲወርድ የሚሰማ ይመስል ነበር።

«አሁን ድገመው» አለችኝ። እርስዎ የሚለው ቀርቷል።

ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«እኔ ያ ኦፕሬተር ነኝ። ፊልሙ ጎዶሎ ነበር። አራተኛውን ቆርቆሮ በቆጂ ጥየው መጥቼ ነው። አንቺ ያልሽው እውነት ነው። እናቴ ትሙት ብዬ የማልኩት በውሸት ነው።»

አንዲት ልጅ እግር ሴት «የምን ፊልም ነው?» አለች። ሌላዋ ቀስ ብላ «አዴ ዘነቡ... የዘነበች ቆርቆሮ የሚባለው... አንቺ ነሽ እንዴ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ዘነበች። «እዚሁ ደጄ ላይ ተሰልፋችሁ ስትሉት ስንቴ ሰምቼ ፈጨሁላችሁ።»

የጠየቀችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከጥግ ከረጢት ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እኔ እዚያ ነበርኩ» አሉ። «እናትሽ አጠገቤ ነበረች። 'ዞራ እንኳ አላየችኝም' እያለች ስታለቅስ ያበረድኳት እኔ ነኝ። ልጅሽ ቆርቆሮ ቀርቷል ትላለች ብላት፣ ሰውዬው ማለ እኮ አለችኝ። በእናቱ ማለ አለችኝ።»

ዘነበች ከረጢት በእግሯ ገፋ አድርጋ «እዚህ ተቀመጥ» አለችኝ። «ተራ የያዘ ሰው አለ። እህላቸው ይፈጭ።» ሞተሩን አስነሳችው።

እስከ አሥር ሰዓት እዚያ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። አንዲትም ቃል አልተናገረችኝም። የመጣው ሁሉ ያየኛል፣ ያየው ለመጣው በጆሮው ይነግረዋል። ልጅ እግሯ ሴት ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ አየችኝና «አባቴ፣ እርስዎም ተፈጭተዋል» አለች። ኮቴም ጢሜም ነጭ ሆኗል። ልታስቀኝ ነበር፤ አልሳቅሁም። እውነቷን ነው።

ቤቷ ከወፍጮው ጀርባ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ወጥተዋል። ዓርብ ነውና ሽሮ አቀረበች፤ የገብስ እንጀራ ነው፣ ከእኛው የደነደነ፣ ጣፋጭ። እጄን ስታስታጥበኝ ዓይኗን አልሰጠችኝም። ጥቂት ከበላን በኋላ ራሷ ጀመረች።

«አስተማሪዬ አሰላ የነርስ ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቶልኝ ነበር። እናቴ ያኔ ታማ ነበር፤ ቢሆንም እሺ ብላ ነበር። ከፊልሙ በኋላ 'እንደዚያ ልታደርጊኝ ነው' አለች። 'በዓይኔ አየሁት' አለች። ፊልም ነው ብላት፣ ቆርቆሮ አለ ብላት፣ አልሰማችም። ቀረሁ። እሷ ደግሞ ልትሞት ነው ያሏት ሴትዮ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች!» ሳቅ ቢጤ አመለጣት። «በተጣላን ቁጥር 'ዞረሽ ሳታዪኝ ሄድሽ' ትለኝ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ!»

«ይቅር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆይ። አልጨረስኩም። ባል አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ወፍጮ አለኝ። አልተጎዳሁም ልልህ እችል ነበር፣ ሽማግሌ ስለሆንክ። አልልህም።»

እዚህ ላይ ሰው ቢሆን ያበቃል። እኔ ግን ከጀመርኩ ይውጣ አልኩና የአውቶቡሱን፣ የእንስራውን፣ የጋቢውን ነገር ነገርኳት። የመጀመሪያውን ስትሰማ ቁጣ ነበራት። ይህን ስትሰማ ቁጣዋ ጠፋ፤ እሱ ባሰኝ። ሳህኑን አነሳችና ወጣች። ስትመለስ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛለች።

«የሳጉሬ ብርድ ከአዲስ አበባው ይከፋል» አለች።

«ጉለሌን አታውቂውም» አልኳት። አፌ ዝም አይልም።

«ድርቅናህ ድሮም እንዲህ ነበር» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

ቅዳሜ፤ ከሳጉሬ ቀጨኔ

ጠዋት አጃ በወተት ጠጣን። ወፍጮዋን አልከፈተችም። ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆየች።

«አራተኛዋን አይተሃታል?»

«ሠላሳ ጊዜ ያህል አሳይቻታለሁ። ከዚህ በኋላ በሄድንበት ሁሉ ሙሉ ነበረች።»

«እኔ አላየኋትም። አንዴም።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ልጅቱ የሠራችውን እኔ ነኝ ያየሁት።

«ያ ፊልም አንሺው» አለች፣ «ከአጥሩ ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ አነሳኝ። አንዴ ዞር ብለሽ እናትሽን እዪ አለኝ። ደግሞ አንዴ ሳትዞሪ ሂጂ አለኝ። የትኛውን እንዳስገባው አልነገረኝም። እናቴን 'ዞሬያለሁ' እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ተሟገትኳት፤ ማታ ማታ ግን እኔም አላውቀውም። ዞሬ ነበር?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ኦፕሬተር ፊልም አያይም። ማሽን ነው የሚያየው፤ መብራቱን፣ ፈትሉን፣ የሚሞቀውን። ሌላ ሥፍራ ብትጠይቀኝ፣ እናትየዋ ምን ለብሳ ነበር ብትለኝ፣ አላውቅም ነበር የምላት። ለማስደሰት ደግሞ አንዲት ቃል እንዳልጨምር በልቤ ምያለሁ። ይህችን ግን አውቃታለሁ። እያንዳንዱ ጥቅል ሊያልቅ ሲል ከሸራው ቀኝ በኩል ከላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ሕዝቡ አያያትም፤ ለእኛ ናት። መጀመሪያ ብልጭ ስትል ሁለተኛውን ማሽን ታስነሳለህ። ሁለተኛ ብልጭ ስትል ትቀይራለህ። ዓይንህን ከዚያ ጥግ ከነቀልክ ሸራው ጨለማ ይሆናል፤ ሕዝቡ ያፏጫል።

«አራተኛው የሚያልቀው አንቺ ላይ ነው» አልኳት። «ስንቁን ይዘሽ ወደ አጥሩ ትወርጃለሽ። አጥሩ ጋ ስትደርሺ የመጀመሪያዋ ነጥብ ትወጣለች። ከዚያ ትቆሚያለሽ። ትዞሪያለሽ። ነጠላሽን ከአፍሽ ላይ ዝቅ ታደርጊያለሽ። ሁለተኛዋ ነጥብ የምትወጣው ፊትሽ ሙሉ ሲታይ ነው፤ ከሻሽሽ በላይ፣ በቀኝ። እሷን ስጠብቅ ፊትሽን ሠላሳ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሠላሳ ጊዜ ዞረሻል።»

አላለቀሰችም። ጭንቅላቷን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚያ የእናቷ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ጥቁር በነጭ፣ ኩስትር ያለች ሴት።

«ሰማሽ?» አለቻት።

ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። ቆርቆሮውን ትቼላት ልሄድ ከመደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ስትወጣ አየችውና አንስታ በእጇ መዘነችው።

«ይሄ ነው?»

«ራሱ አይደለም። የእሱ ወንድም ነው።»

ይዛው ወደ ጓዳ ተመለሰች። ቆርቆሮው ጢም ብሎ መጣ፤ ጭኮ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ የአርሲ ስንቅ ነው፤ ወር ቢቀመጥ አይበላሽም።

«አይ፣ ቆርቆሮውን እኮ ለአንቺ...»

«ከቤቴ ዕቃ ባዶውን አይወጣም» አለች። «ይቅርታውን ገና አስብበታለሁ። ስንቅ ግን ስንቅ ነው።»

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ስንለያይ ትከሻዬን ሳመችኝ አልልም። ኮቴ ላይ የቀረውን ዱቄት በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አራገፈችው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ በመስኮት ሳይ ጀርባዋን ሰጥታ እየሄደች ነው። ጥግ ላይ ስትደርስ እንደ ድሮው ጠበቅኋት።

ዞረች።

ረዳቱ «አሁን እንነሳለን፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮሃል። ከጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ ሰዓቱን አየና «የዘነበች ቆርቆሮ!» አለ፤ ሰው ሳቀ። ቆርቆሮውን ከፈትኩና አፍንጫው ሥር አደረግሁለት።

«ብላ» አልኩት። «የዘነበች ቆርቆሮ ይሄ ነው።»

ግራ ገብቶት ቆነጠረ። «ይጣፍጣል» አለ። ከዚያ አሰላ እስክንደርስ ታሪኩን ነገርኩ፤ የእኔን ጥፋት ሳላስቀር፣ ጋቢውንም ጨምሬ። ቆርቆሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዳንዱ እኔን ማየት ተወ። ሲወርዱ ማንም «ደህና ይግቡ አባቴ» አላለኝም፤ አልጠበቅሁም። አባባሉ ይሙት አይሙት አላውቅም። ሰው የለመደውን አፍ በአንድ ቆርቆሮ ጭኮ አትዘጋውም።

ቀጨኔ የደረስኩት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ዳገቱን ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁት። ጽጌ ቆርቆሮውን ተቀብላ ከፈተችና «ይሄን ማን ሰጠህ?» አለችኝ። ለእሷም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ አልተቆጣችኝም፣ አላጽናናችኝም። ከጭኮው ቀምሳ ለእኔ በማንኪያ አቀረበችልኝ። ማንኪያውን መልሼ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጥኩት።

የቀረውን ባለፈው እሁድ እድሩ ላይ በልታችሁታል፤ ከየት እንደመጣ አልነገርኳችሁም ነበር። ቆርቆሮው ታጥቦ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። የሰው ስንቅ ይዞ የመጣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። በየቀኑ ክዳኑን ከፍቼ አየዋለሁ። ምን እንደምሞላበት ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።